ካሜራው በጠፋ ቁጥር ተጠያቂዋ ሠራተኛዋ ናት?



ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ሸረፊያ ላይ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት እህታችን የደረሰባትን ነገረችን። ስሟንና የምትሠራበትን ሰፈር እንተወው። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሦስት ወር ነው የቀራት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሳሎኑና በልጆቹ ክፍል የተተከሉት ካሜራዎች ባንድ ጊዜ ጠፉ። ማዳም ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ብታይ ምስል የለም። ወዲያው ደወለች። «ምን ነካሽ?» «ምንም አልነካሁም።» ማታ ባባ ሲመጣ ነገሩ ከረረ። «የምትደብቂው ነገር ባይኖር ካሜራ አታጠፊም ነበር» ተባለች። ሻንጣዋ ተፈተሸ፣ ፍራሿ ተገለበጠ፣ የወሩ ደመወዟም ተያዘ።

በሦስተኛው ቀን የማዳም ወንድም መጥቶ ጉዳዩን ሲያየው ምክንያቱ ተገኘ። ካሜራው በጠፋበት ዕለት ከኢንተርኔት ድርጅት የተላከ ሰው አሮጌውን ራውተር አንሥቶ አዲስ ተክሎ ሄዷል። በሩን የከፈተችለትም እርሷው ናት! አዲሱ ራውተር አዲስ ስምና አዲስ ፓስወርድ አለው፤ ካሜራዎቹ ግን የሚያውቁት የድሮውን ነው። ስለዚህ የሚገናኙበትን አጥተው ዝም አሉ። ደመወዟ ተመለሰላት። ይቅርታ ያላት ግን የለም።

እኛም ከዚህ ቀደም በዚሁ ገጽ «የሰው ቤት ኤሌክትሮኒክስ አትነካኩ፣ እሱ የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው» ብለን መክረን ነበር። ተሳስተናል። ያልነካችው ዕቃ ነው ይህችን እህት ያስከሰሳት። እንዴት እንደሚሠራ ብታውቅ ኖሮ ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የምትመልሰው ቃል አይጠፋትም ነበር። ስለዚህ አሁን ተቃራኒውን እንላለን፤ «ስማርት» የሚባሉት የቤት ዕቃዎች አሠራራቸውን እወቁ፤ ሲተከሉም ቆማችሁ እዩ።

ዛሬ ጅዳ ውስጥ ብዙ ቤት ቢያንስ አንዱ አለ። በሩ በቁጥር ወይም በጣት አሻራ ይከፈታል፤ ደወሉ ካሜራ አለው፤ ኤሲው ከስልክ ይታዘዛል፤ መጥረጊያው ራሱ ይዞራል። አሌክሳ የምትባለው የድምፅ ታዛዥ በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ዐረብኛ ይዛ ሳዑዲ ገብታለች፤ አማርኛ ገና አልተማረችም። ዕቃውን የገዙት ባለቤቶቹ ናቸው። ከዕቃው ጋር የምትውለው ግን ማን ናት? ማዳም ሥራ ውላ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው፣ ቤት ውስጥ የምትታየውም የምትሰማውም ሠራተኛዋ ናት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ካሜራው በሬዲዮ ሞገድ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፤ ራውተሩ በኢንተርኔት ወደ አምራቹ ድርጅት ኮምፒውተር ይልካል፤ ከዚያ ነው ማዳም ስልክ ላይ የሚደርሰው። ከእነዚህ አንዱ ከተቋረጠ ምስል የለም። እንግዲህ ማዳም «ለምን ጠፋ?» ስትል፣ ካሜራውን ሳትነኩ በዓይናችሁ ብቻ ብዙ ማወቅ ትችላላችሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ይሠራል? ካልሠራ ችግሩ ያለው ከኢንተርኔቱ ወይም ከራውተሩ ነው። የጠፋው አንድ ካሜራ ብቻ ከሆነ ምናልባት ሶኬቱ ላላ ብሎ ይሆናል፤ ቫኪዩም ስታደርጉ ገመዱ ተነክቶም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ከጠፉና ዩቲዩቡ ከሠራ ደግሞ ራውተሩ ወይም ፓስወርዱ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ራውተሩ እስኪነሣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ካሜራው «ጠፍቷል» ይላል።

ከሁሉም በላይ አንድ ልማድ ያዙ። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ቴክኒሻን በመጣ ቁጥር፣ አንድ ዕቃ ድንገት ቀይ መብራት ባበራ ቁጥር፣ ሳትጠየቁ ለማዳም በዋትስአፕ አጭር የድምፅ መልእክት ላኩላት። «ማዳም፣ አሁን ሰውዬው መጥቶ ራውተር ቀየረ።» በቃ። መልእክቱ ቀንና ሰዓት አለው። እህታችን ይህን አድርጋ ቢሆን ኖሮ ማንም ፍራሿን ባልገለበጠ ነበር።

አሁን ስለ ተከላው እንናገር፤ ብዙ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና። ባለቤቶቹ ዕቃውን ገዝተው ያመጡና መመሪያው ሲያሰለቻቸው «ነይ፣ አንቺ ስልክ ትችያለሽ» ይሏችኋል። እውነትም ትችላላችሁ። አፑ ስልክ ላይ ይጫናል፤ የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይጻፋል፤ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ባለ ነጥብ ሥዕል ለካሜራው ዓይን ታሳዩታላችሁ፤ ድምፅ ያሰማና ይገናኛል። እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ርካሾቹ ዕቃዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ ሲሆን ስልኩ ግን በ5 ጊጋኸርዝ ተገናኝቶ ይሆናል። ራውተሩ ሁለት ስም ካለው፣ 5 የሚል ቁጥር የሌለበትን ምረጡ።

ነገር ግን ልብ በሉ! ይህን ሁሉ ስታደርጉ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢሜይል እንዳታደርጉት። ዕቃውን መጀመሪያ ያስመዘገበ አካውንት በአፑ ዘንድ «ባለቤት» ነው። ኮንትራታችሁ አልቆ አገር ቤት ገብታችሁ እንኳ የሰው ሳሎን ስልካችሁ ላይ ይታያል፤ አንድ ቀን ያ ቤት ቢሰረቅ መጀመሪያ የሚጠራው የማን ስም ይመስላችኋል? «በማዳም ስልክ እናድርገው» በሉ፤ ስልኳን ይዛ አጠገባችሁ ትቁም። ልጆቹን እንድታዩበት ብለው በእንግድነት ካስገቧችሁም፣ ከቤቱ የምትወጡ ዕለት «እዩ፣ አስወጡኝ» ብላችሁ ፊታችሁ ይሰርዙት።

በነገራችን ላይ፣ ከስልክ የሚታዘዙት ትንንሾቹ ሶኬቶች ብዙዎቹ ከባድ ኀይል አይችሉም። ካውያ፣ የውኃ ማፍያና ማሞቂያ እነርሱ ላይ አትሰኩ። ይቀልጣሉ።

ስለ ካሜራው ራሱ አስተያየታችንን እንግለጥ። ልጆቹን ወይም በሩን የሚጠብቅ ካሜራ ላይ ተቃውሞ የለንም። ወርቅ ጠፋ ተብላ ተከስሳ የካሜራው ምስል ነጻ ያወጣት እህትም እናውቃለን፤ ወርቁን የወሰደችው የቤቱ ልጅ ነበረች። ሠራተኛዋ የምትተኛበት፣ ልብስ የምትቀይርበትና የምትታጠብበት ቦታ ላይ ግን ካሜራ ሊኖር አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ በአሠሪ ቤት የምታድር ሠራተኛ የግል ሕይወቷ የሚከበርበት መኖሪያ እንዲኖራት ያዛል። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ደግሞ የሚቆለፍ የራሷ ክፍል፣ ቁልፉም በእጇ ይሁን ይላል። ሳዑዲ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። በ2021 የወጣው የሳዑዲ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ የሚጠቀምበትን፣ ለሌላ እስካላሰራጨው ድረስ፣ አይመለከትም። ሆንግ ኮንግ እንኳ፣ እንደ እናንተ ያሉ የፊሊፒንስና የኢንዶኔዥያ እህቶች በብዛት በሚሠሩባት፣ የግል መረጃ ጥበቃ ቢሮው አሠሪዎች ካሜራ መኖሩን ለሠራተኛዋ እንዲነግሩ፣ በመታጠቢያ ቤትና በማረፊያዋም እንዳይተክሉ መመሪያ አውጥቷል። እዚህ ግን ብዙው ነገር በአሠሪዋ ኅሊና ላይ ስለተተወ፣ አስቀድሞ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

አጠያየቁ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማዳም ደስ ባላት ሰዓት፣ «ፊ ካሜራ ፊ ጉርፈቲ?» በሏት፤ በክፍሌ ካሜራ አለ ወይ ማለት ነው። አትቆጣም፤ ብትቆጣም ማወቃችሁ አይከፋም። ሴት ናትና አንድ ነገር ንገሯት። በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የካሜራ ድርጅት፣ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዳሻቸው እንዲያዩ ፈቅዷል ብሎ ከሶት 5.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆኗል። ከታዩት መካከል በመኝታና በመታጠቢያ ክፍል ያሉ ሴቶች ነበሩ። እናም መኝታ ቤት የተተከለ ካሜራ ከሠራተኛዋ አልፎ የማዳምንም ገመና ያወጣል። ይህን ሰምታ በማግስቱ ካሜራ ያስነቀለች ማዳም አለች።

የጥርጣሬ ነገር ካለ፣ ማታ መብራት አጥፍታችሁ በስልካችሁ የፊት ካሜራ ክፍሉን ዙሩት። በጨለማ የሚያይ ካሜራ ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይረጫል፤ በስልክ ሲታይ ነጣ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ምንም አለመታየቱም ካሜራ የለም ማለት አይደለም።

ብታገኙትስ? ጨርቅ አትሸፍኑበት፣ ገመድ አትቁረጡ። ቪዲዮ አንሥታችሁ ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ ፈጽሞ አይታሰብ! በ2007 የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መዳፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣል። ቤታቸውንና ልጆቻቸውን የቀረጸችው ሠራተኛ ከካሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ትገለበጣለች። ለማስረጃ ያህል የራሳችሁን ክፍል ብቻ፣ ሰው በሌለበት አንሡት፤ የምታሳዩትም ጅዳ ለሚገኘው ቆንስላችን ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ብቻ ይሁን።

አሌክሳና መሰሎቿ ስማቸው ሲጠራ ይነቃሉ፤ አንዳንዴም ሌላ ቃል ስማቸው መስሏቸው ይነቃሉ። የሰሙት ድምፅ በባለቤቱ አካውንት ሊቀመጥ፣ ኋላም ሊደመጥ ይችላል። አማርኛ አለመቻላቸው አያዘናጋችሁ፤ ድምፁን የሚተረጉም ሰው አይጠፋም። ስለ ስልካችሁ ግን ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ከልክ በላይ ነው። የቤቱን ዋይፋይ ስለተጠቀማችሁ ብቻ ማዳም የዋትስአፕ መልእክታችሁን ማንበብ አትችልም፤ ቢበዛ በየትኛው አፕና ድረ ገጽ እንደገባችሁ ይታያል። አሠሪ ገዝቶ፣ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ የሰጣችሁ ስልክ ነው የሚያሠጋው፤ የት እንዳላችሁ እስከማየት ይደርሳል።

የመጨረሻው የበሩ ጉዳይ ነው፤ እኛን እንቅልፍ የሚነሳንም ይኸው ነው። በቁጥር ወይም በአሻራ የሚከፈት በር ካለ፣ ከውስጥ እንዴት እንደሚከፈት ታውቃላችሁ? አብዛኞቹ ከውስጥ በእጀታ ወይም በሚዞር ቁልፍ ያለ ቁጥር ይከፈታሉ። ማዳም ባለችበት አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት። የሚሠሩት በባትሪ ነው፤ ሲዳከም መጮህ ይጀምራል፤ ያን ቀን ንገሯት እንጂ «ነገ ይደርሳል» አትበሉ። ከውስጥ የማይከፈት፣ ስትወጣም ቆልፋባችሁ የምትሄድ ከሆነ ግን እሱ የቴክኖሎጂ ጉዳይ አይደለም። ሰው ላይ መቆለፍ ነው። ሕፃን ይዛችሁ ጭስ ቢነሣ በየት ትወጣላችሁ? ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ቃል፣ ጠይቋት። የራሷ ልጅ ከእናንተ ጋር ነውና ትሰማችኋለች። በጅዳና በመካ አካባቢ ለማንኛውም አደጋ 911 ይደወላል፤ ቁጥሩን በስልካችሁ ብቻ ሳይሆን በቃላችሁም ያዙት።

በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀኑን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። ይገርመናል፤ ጠርሙስ ስትሰብሩ የሚያየው ያው ካሜራ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ እኩለ ሌሊት ድረስ ስትቆሙም አይቷል። ሰዓቱን ጽፎ ነው የሚያስቀምጠው። የሚከፍተው ቁልፍ ግን ያለው በአንድ ወገን ነው፤ ማኅደረ ትውስታውም ሲሞላ በድሮው ላይ እየደረበ ይጽፋል። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችሁን በደብተር ጻፉ፤ ምስል የሚያስፈልጋችሁ ክርክር ከተነሣም ቀን ሳይቆይ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከቡና በኋላ፣ አንድ አሮጌ ራውተርና ሸረፊያ ከሱቅ የገዛነውን ካሜራ ይዘን እንመጣለን። አገናኝተን፣ አጥፍተን፣ ፓስወርድ ቀይረን እናሳያችኋለን። ዕረፍት የማታገኙት እህቶች ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልን። ከላይ ታሪኳን የነገርናችሁም እህት ትገኛለች፤ ራውተሩን የምትነቅለው እርሷ ናት።