የሐይቅ ዳር ምሁራን

ዓርብ በደረሰ ቁጥር የግቢያችን ወሬ አንድ ነው፤ «ላንጋኖ ወይስ ቢሾፍቱ?» ገንዘብ ይዋጣል፣ ሚኒባስ ይከራያል፣ ጭፈራው ገና ከበር ይጀመራል። እኛ መዝናናትን አንቃወምም። ከጓደኛ ጋር መዋኘት ምን ኃጢአት አለው? የምንቃወመው ዓይንን ጨፍኖ ሄዶ ዓይንን ጨፍኖ መመለስን ነው።

ላንጋኖ አሸዋ ላይ ተጋድሞ በውሃው መደፍረስ የሚቀልድ ተማሪ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ አብጃታ መሸሹን ያውቃል ወይ? ከዝዋይ የሚወርድለት የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሮ፣ የቀድሞው ዳርቻ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው።

ኢሬቻም እንዲሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ለምለም ሣር ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚወርደው ሕዝብ፣ ክረምቱን ስላሻገረው ዋቃን ያመሰግናል። የኛ ሰው ግን «የመኸር በዓል» ብሎ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። የምን መኸር? ጤፉ ገና ማሳ ላይ ቆሟል! በመስከረም 2009 ዓ.ም. እዚያው ሐይቅ ዳር አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ስንት ሰው በግርግር እንዳለቀስ ማን ጠየቀ?

«እሑድንም ልታስተምሩን ነው?» የሚሉን አሉ። አዎን! ትምህርት ደብተር ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሐይቅ የሚወድ አብጃታ ድረስ ዘልቆ ይይ። መኸር የሚወድም በኅዳር ይምጣና ከገበሬው ጎን ማጭድ ይጨብጥ። ዘፈን እንደሆነ እዚያም አለ።