ያሸነፈው ሞተርና የተደበቀው ንዝረት



በምንኖርበት በዱቦ የሞተር ሳይክል ድምፅ የማይሰማበት ሰዓት የለም። ከጉባኤያችን አንድ ወንድም ጥገና ይሠራል። አንድ ቀን የባለቤቴን ሞተር አስነሥቶ ካዳመጠ በኋላ፣ «እህቴ፣ ሞተር ከመሰበሩ በፊት ይናገራል፤ የሚሰማው ነው የሚጠፋው» አለኝ። ይህ ቃል ስለ ሞተሮች እንዳነብ አደረገኝ። ስለ ትዳር ያስተማረኝን አንዱን ላካፍላችሁ።

በእንግሊዝ አገር ኪት ዳክዎርዝና ማይክ ኮስቲን የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ኮስዎርዝ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ስሙም የተገጣጠመው ከሁለቱ ስሞች ነው። በኋላም ፎርድ 100,000 ፓውንድ መድቦ የውድድር ሞተር አሠራቸው። ዳክዎርዝ በመጀመሪያ አራት ሲሊንደር ባለው ትንሽ ሞተር ሐሳቡን ፈተነ። ከዚያም ስምንት ሲሊንደርና ሦስት ሊትር የሆነውን ዲኤፍቪ ነደፈ። ይህ ሞተር መኪናውን መግፋት ብቻ ሳይሆን ይሸከምም ነበር፤ ከሾፌሩ ጀርባ በብሎን ተያይዞ የመኪናው የኋላ ክፍል በእርሱ ላይ ያርፍ ነበር።

ሰኔ 4 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ዛንድቮርት ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። ጂም ክላርክ አሸነፈበት! ነገር ግን ያንኑ ሞተር የያዘው ጓደኛው ግራሃም ሂል፣ ከፊት ተነሥቶ እየመራ ሳለ ካምሻፍቱን የሚያዞሩት ማርሾች ጥርስ ተሰብሮበት ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዋንጫው በእጅ ነው፤ ስብራቱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሥራ ውስጥ ነው።

ዳክዎርዝ ድሉ በቂ ነው ብሎ አልተኛም። ጥርሱን የሚሰብረው ከውጭ የማይታይ ንዝረት መሆኑን ደረሰበት። መፍትሔው ማርሹን ማጠንከር ብቻ አልነበረም። በማርሹ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየተጠመዘዙ ንዝረቱን የሚቀበሉ ቀጫጭን ዘንጎችን አስገባ። ሞተሩና ከእርሱ የወጡት እስከ 1983 ድረስ 155 የፎርሙላ ዋን ውድድሮችን አሸነፉ።

የራሴን ቤት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ኮንፈረንሳችን እጅግ የተባረከ ነበር። ሰዎች ጌታን ተቀበሉ፤ ሁሉም አመሰገነን። ባለቤቴ ግን ለልጃችን ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ሳይነግረኝ ለእንግዶች መስተንግዶ አውጥቶት ነበር። በመድረኩ አጠገብ ተቀምጠን አብረን ዘመርን፤ በቤት ግን ሦስት ሳምንት በቅጡ አልተነጋገርንም። ዋንጫችን ስብራታችንን ሸፈነልን።

በመጨረሻ የሆነው እርሱ ወይም እኔ መጠንከራችን አይደለም። እርሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም ንዴቴን በዝምታ ማሳደጌን ተናዘዝሁ። አንድ ትንሽ ነገርም ተስማማን፦ ከቤት የሚወጣ ትልቅ ገንዘብ ለሁለታችን ተነግሮ አንድ ሌሊት ይደር። ቁጣ ግን አይደር። ይህች ትንሽ ልምድ ብዙ ንዝረት ተቀብላልናለች።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥2 ስለ ትዕግሥትና በፍቅር ስለ መቻቻል የጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። መቻቻል ድካም አይደለም፤ ሸክም በሚበዛበት ቦታ ጥርስ እንዳይሰበር የሚያደርግ ጥበብ ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ አገልግሎታችሁ የተሳካ፣ ሥራችሁ የተባረከ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ተቀመጡና ተጠያየቁ፦ «ከእኔ ዘንድ የሚንቀጠቀጥብህ፣ የሚንቀጠቀጥብሽ ነገር ምንድን ነው?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።