የበጋ ድንጋይ አያታለን



የሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ለቤቴ መሠረት በበጋ ያስቆረጥሁት ድንጋይ መዶሻ የሚመክት ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን በልጉ አላላው፤ ክረምቱ አፈረሰው። ጥፋቱ የግንበኛው ሳይሆን የእኔ ነው።

የሐይቅና የአምባሰል ተራሮች ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን፣ ዝናብና ፀሐይ ለዘመናት ሲፈራረቁበት ከፊሉ ወደ ሸክላነት ተለውጧል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው።

መሐንዲሶች ድንጋዩን አድርቀው በወንፊት በርሜል ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያሽከረክሩታል፤ ይህንኑ ደግመው የተረፈውን ይመዝናሉ። ለእኛ ባልዲ ይበቃናል፦ ፀሐይ ያደረቀውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ አድርቆም መድገም ነው። ከተፈረካከሰ ለመሠረት አይሆንም።

ቤት ሠሪዎች ሁሉ ገንዘባቸውን ከማፍሰሳቸው በፊት እንዲፈትኑት አደራ እላለሁ።