ቆርኬ ያልሆነው «ቆርኬ»

እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ቨርጂኒያ ሲሰፍሩ የማያውቁት እንስሳ ገጠማቸው። አገሬውን፣ የፓውሃታንን ሕዝብ፣ ጠየቁ። «አፓሱም» አሏቸው፤ «ነጭ እንስሳ» እንደ ማለት ነው። ኦፖሰም የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እነዚያ ሰዎች የአገሬውን መሬት ቀምተዋል፤ ስሙን ግን ጠይቀው ነው የወሰዱት።

እኛስ? በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል በመቶ ሺህዎች የሚፈልሰውን እንስሳ «ነጭ ጆሮ ቆርኬ» አልነው። «ነጭ ጆሮ»ው ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው፤ «ቆርኬ»ው ከስንቅሌ የተዋሰ። ፈረንጁ እንኳ «ኮብ» የሚለውን ቃል ያገኘው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከወሎፍ ቋንቋ ነው።

እኔም ባሮ ዳር ቆሜ በልበ ሙሉነት «ቆርኬ» ስል አንድ አኙዋ ሽማግሌ ሳቁብኝ። የሳቁት በእንስሳው አልነበረም።

«እንስሳው ይጠበቅ እንጂ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። ያደርጋል እንጂ! የስንቅሌው ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ አንባቢ የትኛው ሊጠፋ እንደ ተቃረበ በምን ይለያል?

ነገሩ ከእንስሳም ያልፋል። አኙዋውን «ያምቦ» ስንለው በኖርንባቸው ዘመናት ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ጠይቀነው ነበር?

መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ፣ የፓርክ ሰሌዳ የምትጽፉ ወገኖቼ ሆይ፤ አኙዋውንና ኑዌሩን ጠይቁ። ከብዕራችሁ በፊት ጆሯችሁን ወደ ጋምቤላ ላኩ።