የአዘዞ እንግዳ ምን ይቅመስ?

ከወዳጆች ጋር ወደ እርሻ ወጥቶ ወይን መቅመስ በውጭ አገር መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ንግድም ነው፤ ቀማሹ ጠርሙስ ገዝቶ ይመለሳልና። በኢትዮጵያም የዝዋይ ወይን ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል።

አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የአትክልት ቦታ ያሠሩበት፣ ዛሬም የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት አዘዞስ ለእንግዳው ምን ያቅምስ? ወይን ተተክሎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፤ ማርና ጌሾ ግን በደጅ ናቸው። እንቅፋቱ አንዳንዱ ጠጅ ስኳር እየተቀላቀለበት መጣሉ፣ ጣዕሙም በየጊዜው መለዋወጡ ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ እንግዳ ዳግመኛ አይመጣም።

ስለዚህ ነጋዴው ከንብ አርቢው ጋር ውል ገብቶ፣ ንጹሕ ጠጅ አስጥሎ፣ የቦታውን ስምና የተጣለበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ጽፎ ሊያቀርብ ይገባዋል። ብርሌ ወዳጅን ያስደስታል፤ ደንበኛን የሚያጸናው ግን እምነት ነው።