በብርብራ ስለ ሰከረ ዓሣ

ከአሶሳ ከተማ አንድ ክቡር አንባቢያችን ጽፈው ይጠይቁናል። በበጋ ወራት የዳቡስ ገባሮች ጎድለው ውሃው በየኩሬው ሲቀር፣ ዓሣ አጥማጆች ብርብራ ወቅጠው ከጣሉበት ኩሬ ልጃቸው አንድ ቆሮሶ አንሥታ በእንስራ ወደ ቤት አምጥታለች፤ ክንፉም ቆስሏል። ልጅቱ አጠገቡ ተቀምጣ እህል አልቀምስም ስላለች፣ አባትዮው «ለመሆኑ ዓሣ ይታከማልን?» ይላሉ። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ እኛ ግን እንደዚያ አላየነውም። በመጽሐፈ ጦቢት የዓሣ ሐሞት የሽማግሌውን ዓይን አብርቷል፤ ሰውም በተራው ለዓሣ ጥቂት ቢደክም ነውር የለበትም።

አስቀድሞ የብርብራን ሥራ ማወቅ ይገባል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። መርዙ በስንጥቡ በኩል ገብቶ ሰውነቱ በሳበው አየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዓሣው ከውሃ ውስጥ ሳለ እንደ ታነቀ ሰው ይሆናል፤ ወደ ላይ ወጥቶም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ገና ሲንገዳገድ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ ውሃ የተዛወረ እንደ ሆነ ሊነቃ ይችላል፤ የዘገየው ግን አይነሣም። ይህ ምልክት ለአምባዛ አይሠራም። አምባዛ በጤናውም ቢሆን አየር ለመሳብ ብቅ ይላልና፣ ከዕቃው አፍ በታች ባዶ ቦታ ይተውለት፤ መውጣትም ያውቃልና አየር የሚያሳልፍ ክዳን ይደረግለት።

እንስራ ለታመመ ዓሣ አይሆንም። አፉ ጠባብ ስለ ሆነ ውሃው ከአየር ጋራ በሚገባ አይገናኝም። ሰፊ ሳፋ ወይም የመስተዋት ሣጥን ይሻላል፤ ውሃውንም በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ቢያፈሱት አየር ያገባል። የሞቀ ውሃ አየር አይዝምና፣ በአሶሳ የበጋ ፀሐይ ዕቃው ከጥላ ሥር ይቀመጥ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ስንጥቡን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በሰፊ ዕቃ ክፍት ሆኖ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከቆየ በኋላ ይጨመር።

ዓሣን በደረቅ እጅ መያዝ ክፉ ነገር ነው። በገላው ላይ ያለው ልጋግ ጋሻው ነው፤ እርሱ የተገፈፈ እንደ ሆነ በቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል። ለዚህ የሚረዳው መድኃኒት ከማድ ቤት አይጠፋም፤ ጨው ነው። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው ተሟሙቶ፣ ቆሮሶው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ በዚያ ይቆይ፤ ከዚያ በፊት ወደ ጎኑ ከወደቀ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውሃው ይመለስ። ቅርፊት የሌለው አምባዛ ግን እንደ ቆሮሶ ጨው ስለማይችል ይቀነስለት። ሚዛን የሌለው ሰው ከነጋዴ ያስመዝን፤ በእፍኝ የሚገመት ነገር አይደለም። የሰው መድኃኒት ከካፕሱሉ እያፈሰሱ በውሃው የሚበትኑ እንዳሉ ሰምተናል፤ ይህን ፈጽመን አንደግፍም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምግብ አይሰጠው። ልጆች በርኅራኄ የሚጥሉለት እንጀራ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፤ ከቁስሉ ይልቅ የሚገድለውም ይኸው ነው። ከውሃው አንድ አራተኛው በየቀኑ ተቀድቶ፣ በሙቀት እኩያው በሆነ ውሃ ይተካ።

የዳነው ዓሣ ወደ ተነሣበት ወንዝ ይመለስ እንጂ ወደ ሌላ አይጣል፤ በቤት ከሌላ አገር ዓሣ ጋራ የተቀመጠ ከሆነ ግን በሽታ እንዳያዛምት ወደ ማናቸውም ወንዝ አይመለስ። ቀናት አልፈው ከጎኑ ሳይነሣ የቀረውን ማቆየት ማሠቃየት ነውና፣ ልጅቱ ሳታይ ራሱን አንድ ጊዜ በኃይል መትቶ መገላገል ይሻላል። ሥጋውም ይቀበር እንጂ ወደ ድስት አይግባ።