አረፋው ከየት መጣ?

እስቲ ቤተሰብዎ የሚታጠብበትን የገላ ሳሙና ማሸጊያ ገልብጠው ይመልከቱ። በደቃቅ ፊደል ከተደረደሩት ስሞች መካከል «ሶዲየም ፓልም ከርነሌት» የሚል ካገኙ፣ መታጠቢያ ቤትዎ ውስጥ የዘይት ዘንባባ አስኳል አለ ማለት ነው። ፓልምን አብዛኞቻችን የምናውቀው በጀሪካን በሚሸጠው የምግብ ዘይት ነው። በዚህ ወር ግን ወጥ ቤቱን ትተን ሌላውን ጥቅሙን እንመልከት።

የዘይት ዘንባባ ፍሬ ሁለት ዓይነት ዘይት ይሰጣል። ከላይኛው ሥጋው ቀዩ ዘይት ይጨመቃል። በጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ካለው አስኳል ደግሞ ሌላ ዘይት ይወጣል፤ ይህኛው በጠባዩ ለኮኮናት ዘይት ይቀርባል። ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ስለሆነ፣ ሳሙና ሲሆን ቶሎ ይቀልጣል፣ አረፋውም ይበዛል።

ዛፉ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። በናይጄሪያ፣ በጋናና በካሜሩን ሴቶች አስኳሉን ቆልተው ጥቁር ዘይት ያወጣሉ። የናይጄሪያ ዮሩባዎች «አዲን» ይሉታል፤ የሕፃናትን ገላ ያሹበታል፣ ፀጉር ይቀቡበታል። እኛ ዘንድ እንዶድ ልብስ ያጥብ እንደነበረው ሁሉ፣ እነርሱም ከሙዝ መሰሉ ፕላንቴን ልጣጭና ከካካዋ ቅርፊት አመድ፣ ከፓልም ወይም ከአስኳል ዘይት ጋር አፍልተው ጥቁር ሳሙና ይሠራሉ። የተረፈው ቅርፊትም አይጣልም፤ ብረት ቀጥቃጮች ለምድጃቸው ያነዱታል፣ ጭቃ በሚበዛበት ደጅም ይነሰነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በኢግቦዎች ዘንድ፣ በልማድ ቀዩ ዘይት የባል፣ አስኳሉ የሚስት ነበር። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ነጋዴዎች አስኳል መግዛት ሲጀምሩ፣ ገንዘቡ የሴቷ የመቀነት ገንዘብ ሆነ። እያንዳንዱን ፍሬ በድንጋይ እየሰበሩ መፈልቀቁም የሴቶችና የልጆች ሥራ ነበር። አስኳሉ በመርከብ ሄዶ በአውሮፓ ፋብሪካዎች ሳሙና ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ «ሰንላይት» ሳሙናን ለገበያ ያቀረበው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሌቨር፣ በ1911 በቤልጂየም ኮንጎ ሰፊ የዘንባባ መሬት እስከመያዝ ደረሰ። በ1929 ደግሞ የፓልም ምርት ዋጋ ባሽቆለቆለበት ወቅት ሴቶች ግብር ሊጣልባቸው ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ሴቶች በቅኝ ገዢው አስተዳደር ላይ ተነሡ። ታሪክ «የሴቶች ጦርነት» ይለዋል።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 አራት ችግኞች በጃቫ ደሴት፣ በቦጎር የዕፅዋት ማዕከል ተተከሉ። ለብዙ ዓመታት ዛፉ ለጌጥ ነበር የሚታየው። ከዚያ በ1911 በሱማትራ፣ በ1917 በማሌዥያ ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ተጀመሩ። ስለዚህ በዚያ አገር አስኳሉ የሴት አያቶች የእጅ ጥበብ የመሆን ዘመን አላየም፤ ከእርሻው በቀጥታ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ ዘይቱ ተፈልጦ የሻምፑ፣ የጥርስ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግብዓት ይሆናል። በብዙ ሻምፑዎች ላይ የሚያነቡት «ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት» ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአስኳል ወይም ከኮኮናት ዘይት ነው። ቅርፊቱ የፋብሪካውን ቦይለር ያሞቃል፣ ውሃ የሚያጣራ ከሰል ይሆናል፤ ወደ ጃፓን ተጭኖም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል።

ከአንድ ፍሬ ሁለት ኑሮ ወጣ ማለት ነው። ከዓለም የፓልም ዘይት ከአምስት አራት እጁን የሚያመርቱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ብዛትንና ርካሽ ዋጋን አገኙ፤ በምላሹ በሱማትራና በቦርኒዮ ሰፊ ደን ተመነጠረ። በምዕራብ አፍሪካ ምርቱ ትንሽ ቢሆንም፣ አስኳሉ ዛሬም ለብዙ ሴቶች የጓዳ ንግድ ነው። ጥቁሩ ሳሙናቸውም በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች በውድ ይሸጣል።

ታዲያ ይህ ለእርስዎ ቤት ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የአረፋ ብዛት የንጽሕና መለኪያ አይደለም። ብዙ አረፋ የሚሰጥ ሳሙና የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት ሊያጥብ ስለሚችል፣ ቆዳው የሚደርቅ ልጅ ካለዎት አረፋው ያነሰ፣ ለስላሳውን ይምረጡ። ሁለተኛ፣ «ጥቁር የአፍሪካ ሳሙና» ከዘመድ በስጦታ ቢደርስዎ፣ አመድ ስላለበት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላልና በመጀመሪያ በክንድዎ ላይ በጥቂቱ ይሞክሩት። ለጨቅላ ሕፃን ከማዋልዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ሦስተኛ፣ ጥቁሩን ሳሙና ሲገዙ ማን እንደሠራው ሻጩን ይጠይቁ። ዋጋው ውድ ከሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ አስኳሉን ለፈለቀቀችው ሴት መቀነት መድረሱን ማወቅ መብትዎ ነው።